ሰርቨሩ ጀርመን፣ ካርዱ ሜሪላንድ፣ እኔ ፒያሳ

ነገሩ የተጀመረው በውለታ ነው። ፒያሳ፣ ከቸርችል ጎዳና ገባ ብሎ ባለ አንድ አሮጌ ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አራት ሆነን አንድ ክፍል ተከራይተን እንሠራ ነበር። አራታችንም ዴቨሎፐር ነን። ደንበኞቻችን ለየብቻ፤ ኪራዩ፣ ዋይፋዩና ጀበናው የጋራ። ከመሃላችን አንዱ ለአንድ የኮንሰርት ቲኬት ሻጭ ድረ ገጽ ይሠራ ነበር። ሰው በስልኩ ሲከፍል የክፍያ ድርጅቱ «እገሌ ይህን ያህል ከፍሏል» የሚል መልእክት ወደ ድረ ገጹ ይልካል። ዌብሁክ የሚባለው ይሄው ነው፤ ሌላ ምስጢር የለውም። የጓደኛዬ ኮድ ግን ገና ላፕቶፑ ላይ ስለነበር መልእክቱ የሚያርፍበት ቦታ አጣ።

«አንተ ጋ ሁሌ የሚበራ ማሽን አለ አይደል? ተቀበልልኝና ላፕቶፔን ስከፍት አቀብለኝ» አለኝ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ቁጭ ብዬ ሠራሁለት። መልእክት ይቀበላል፣ ያስቀምጣል፣ ባለቤቱ ሲመጣ ያቀብላል። በቃ። በሳምንቱ ሌላኛው «ለኔም» አለ። ቀጥሎ የሱ ጓደኛ መጣ፣ ቀጥሎ ደግሞ የመመረቂያ ፕሮጀክት የያዙ የአራት ኪሎ ተማሪዎች። ትንሽ ቆይቶ «በዚህ ሰዓት ይህን ሥራልኝ» የሚባል የቀጠሮ ሥራም ጨመርኩበት። ዛሬ ሠላሳ ምናምን ዴቨሎፐሮች ይጠቀሙበታል። ግማሾቹ በየወሩ ይከፍላሉ፤ ግማሾቹ በየወሩ «እከፍላለሁ» ይላሉ።

ከአዲስ አበባ ሆናችሁ እንዲህ ያለ ነገር ልትጀምሩ ካሰባችሁ እኔ ያለፍኩበትን ልንገራችሁ። ኮድ ስለመጻፍ ብዙ አላወራም፣ እሱን የሚያስተምር ሞልቷል። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ሁሉ እዚህና እዚያ የሚገናኙበት ቦታ ላይ የተፈጠረ ነው፤ የኛ ሰዓትና የሰርቨሩ ሰዓት፣ የኛ ፊደልና የኮዱ ፊደል፣ የኛ ብርና የነሱ ካርድ።

መጀመሪያ ሰርቨር እለው የነበረው ጠረጴዛ ሥር የተቀመጠ አሮጌ ዴስክቶፕ ነበር። ሊኑክስ ጫንኩበት፣ ከመርካቶ ያገለገለ ዩፒኤስ ገዛሁለት፣ ተገላገልኩ ብዬ ነበር። ዩፒኤሱ ሃያ ደቂቃ ያቆያል። መብራቱ ግን አንዳንዴ ጠዋት ሄዶ ማታ ነው የሚመጣው። የሕንጻው ጄኔሬተር የተዘረጋው ለምድር ቤቱ ምግብ ቤት ብቻ ነው። አንድ ገመድ ወደ ላይ እንዲያሳልፉልኝ ጥበቃውን ጋሼን ለመንኳቸው።

«ልጄ፣ ፍሪጁ ከጠፋ ሥጋው ይበላሻል። ያንተው ምኑ ይበላሻል?» አሉኝ።

እውነት ለመናገር ጥሩ መልስ አልነበረኝም።

ሌላው ችግር አድራሻ ነው። የቢሮው መስመር ሲጠፋ ወደ ሞባይል ዳታ እንቀይር ነበር። በሞባይል ዳታ ላይ ግን ለብቻህ የሆነ አድራሻ የለህም፤ ብዙ ተጠቃሚ አንድ የውጭ አድራሻ ይጋራል። ግቢ ሙሉ ተከራይ በአንድ በር እንደሚወጣ አስቡት። መውጣት የሚከለክል የለም፣ ከውጭ የመጣ እንግዳ ግን የማንን ክፍል ብሎ ያንኳኳል? መላው ከውስጥ ወደ ውጭ ደውሎ መስመሩን ክፍት ማቆየት ነው። ዋየርጋርድ የሚባለው፣ በሁለት ማሽኖች መሃል የተቆለፈ መስመር የሚዘረጋው ፕሮግራም ለዚህ ይበቃል፤ ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከሊኑክስ ከርነል ጋር አብሮ ነው የሚመጣው። ነገር ግን የምትደውሉለት ሌላ ማሽን ውጭ ያስፈልጋል። ውጭ ማሽን ካስፈለገ ደግሞ ሥራው ለምን እዚያው አይሆንም? እንዲህ ብዬ ጀርመን አገር አንድ ትንሽ ሰርቨር ተከራየሁ።

እኔ ተከራየሁ እላለሁ እንጂ የተከራየችው የአክስቴ ልጅ ናት። በዶላር የሚከፍል ካርድ የነበራት እሷ ነች። ሜሪላንድ ነው የምትኖረው፣ ነርስ ናት፣ በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እትዬ ነው የምላት። ለአንድ ደቂቃ እንኳ ሳታንገራግር ካርዷን ሰጠችኝ። እኔም በችኮላ አካውንቱን በስሟ፣ በኢሜይሏና በስልክ ቁጥሯ ከፈትኩት። በሚቀጥለው ሳምንት አስተካክለዋለሁ ብዬ ነበር። የሚቀጥለው ሳምንት ሳይመጣ ዓመት አለፈ።

አንድ እሁድ ግንቦት ላይ፣ ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ፣ ስልኬ መንጫጫት ጀመረ። ሰርቨሩ የለም። ቀርፋፋ ሆነ ማለቴ አይደለም፣ ጭራሽ የለም። ወደ አካውንቱ ልግባ ስል ለማረጋገጫ ኮድ በአጭር መልእክት ይልካል፤ ኮዱ የሚሄደው እትዬ ስልክ ላይ ነው። እዚህ ጠዋት 4 ሰዓት ሲሆን እዚያ ከሌሊቱ 9 ነው። እሷ ደግሞ የሌሊት ተረኛ ናት፣ ስልኳ ሎከር ውስጥ ተቆልፎበታል። ደወልኩ። ደግሜ ደወልኩ። ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ላይ እየሮጠች መልሳ ደወለች።

«አንተ ልጅ! ሃያ ሦስት ጊዜ ደውለሃል! እማማ ደህና ናት?»

«ሁሉም ደህና ነው እትዬ፣ ሰርቨሩ ጠፍቶ ነው።»

ለትንሽ ጊዜ ዝም አለች። «ልቤን አወለቅከው እኮ። ሰርቨር ምንድን ነው ደግሞ?»

የሆነው ይህ ነው። ባንኳ ካርዷን በአዲስ ቀይሮላታል። የድሮው ካርድ አይሠራም። ሰርቨሩን ያከራየው ድርጅት ክፍያው እንዳልገባ ሦስት ኢሜይል ልኳል፤ ሦስቱም የደረሱት እሷ በማትከፍተው ኢሜይል ነው። በመጨረሻም ዘጋው። በኔ በኩል ያለውን ጥፋት ስነግራችሁ ደግሞ አትሳቁ፤ ባክአፕ፣ ማለትም መጠባበቂያ ቅጂ፣ ነበረኝ። በየሌሊቱ የሚሠራ፣ የሚያኮራ ባክአፕ። የተቀመጠው ግን እዚያው አካውንት ውስጥ ነው። አካውንቱ ሲቆለፍ ቤቱም መለዋወጫ ቁልፉም አብረው ተቆለፉ።

ከዚያ በኋላ የለወጥኩትን ልንገራችሁ። አካውንቱን በራሴ ስምና ኢሜይል አዛወርኩ። ካርዱ አሁንም የእትዬ ነው፣ እሱን አልዋሽም፤ ግን ቀድሞ ገንዘብ ማስቀመጥ የሚፈቅድ ድርጅት መርጬ የሦስት ወር ሂሳብ ሁልጊዜ እዚያ ይቀመጣል። ካርዱ ቢበላሽ ሦስት ወር አለኝ ማለት ነው። ዶሜይኑን (ሰው የሚጽፈውን የድረ ገጽ ስም) ደግሞ ከሰርቨሩ ሌላ ድርጅት ጋር አስመዘገብኩት፣ አንዱ ቢቆልፈኝ ስሙን ይዤ ወደ ሌላ ቤት እንድሄድ። ማረጋገጫ ኮዱን ከአጭር መልእክት አውጥቼ በየ30 ሰከንዱ ኮድ የሚቀይር አፕ ላይ አደረግኩት። ይሄኛው ኔትወርክ እንኳ አይፈልግም፣ ከስልኩ ሰዓት ነው የሚያሰላው። የመጠባበቂያ ኮዶቹን በወረቀት አትሜ እናቴ ቤት፣ ከቤት ካርታው ጋር አስቀመጥኩ።

በነገራችን ላይ ይሄን አፕ ለተጠቃሚዎቼ ግዴታ ሳደርገው አንዱ «ኮዱ ፈጽሞ አይሠራልኝም» ብሎ ሁለት ቀን አደረቀኝ። ኋላ ስልኩን ሳየው ሰዓቱን በእጁ 6 ሰዓት ወደኋላ መልሶታል፤ የሐበሻ ሰዓት እንዲያሳየው። አፑ የስድስት ሰዓት ያረጀ ኮድ ነበር የሚሰጠው። እናንተም እንዲህ የሚያደርግ ተጠቃሚ ይኖራችኋል፣ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ባክአፑን በተመለከተ ጠረጴዛ ሥር ያለው አሮጌው ዴስክቶፕ እንደገና ሥራ አገኘ። በየሌሊቱ ከጀርመን የዳታቤዙን ቅጂ በምስጢር ቁልፍ ተቆልፎ ይስባል። ሳቢው እሱ ነው፤ ሰርቨሩ ወደ እሱ አይገባም። ይሄ ልዩነት አለው፣ ሰርቨሩን የሰበረ ሰው ባክአፔን መንካት አይችልም። የወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ላይ ደግሞ አንዱን ቅጂ አውጥቼ ባዶ ማሽን ላይ እመልሰዋለሁ። መጀመሪያ ስሞክረው አልሠራም ነበር፤ ለወራት ሳስቀምጠው የኖርኩት ፋይል ግማሽ ላይ የተቆረጠ ነው። መስመር ሲቋረጥ ስክሪፕቱ ዝም ብሎ «ጨርሻለሁ» ይል ነበር ለካ።

በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ እኛም ዕቃችንን ጠቅልለን ወደ ብሔራዊ ቲያትር አካባቢ ወረድን። ዴስክቶፑን ታክሲ ውስጥ ጭኔ ላይ አድርጌ ነው የወሰድኩት። ሁለት ቀን ባክአፕ አልነበረም፤ ከዚያ ሌላ ማንም አላወቀም። ሰርቨሩ ውጭ መሆኑን በጣም ያመሰገንኩት ያን ጊዜ ነው።

እዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ደግሞ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሬውን ለገበያ ለቀቀው። በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያው ቀን ወደ 74 ገደማ ገባ፣ ብዙም ሳይቆይ ከ100 አለፈ። የኔ ኪራይ በዶላር አንድ ሳንቲም አልጨመረም፤ በብር ግን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ከተጠቃሚዎቼ ጋር የተዋዋልኩት በብር፣ ለዓመት ነበር። አሁን ዋጋ የማወጣው ለሦስት ወር ብቻ ነው፣ ይህንንም ሲመዘገቡ በግልጽ እነግራቸዋለሁ። ጨካኝ ልመስል እችላለሁ። ያን ክረምት ግን የሰው ሥራ በኪሴ ስደጉም ነው ያለፈው።

ስለ አሠራር ትንሽ ልበል። የውጭ ሰዎች የሚጽፉት ትምህርት ፈጣን መስመር እንዳለህ ቆጥሮ ነው። ላፕቶፕህ ላይ የዶከር ኢሜጅ (ኮዱን ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር አንድ ላይ ያሸገ ፋይል) ሥራ፣ ከዚያ ላከው ይላል። ኢሜጁ 800 ሜጋባይት ነው! እኔ ግማሽ ላይ ሲቆረጥ፣ እንደገና ስጀምር፣ ፓኬጄ ሲያልቅ ስንት ማታ አቃጥያለሁ። አሁን ከዚህ የሚሄደው ኮዱ ብቻ ነው። ጊት፣ የኮድ ለውጥ የሚመዘግበው ፕሮግራም፣ የሚልከው የተቀየረውን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ፎቶ ያነሰ። ኢሜጁ የሚሠራው እዚያው ጀርመን ነው፣ ለነሱ ማውረድ ምን ገዷቸው። ፑሽ ሳደርግ እዚያ ያለው ማሽን ቴስቱን (ኮዱን የሚፈትሸውን ኮድ) ያስኬዳል፣ ካለፈ ይሠራዋል፣ ይቀይረዋል፣ ካላለፈ በቴሌግራም ይሰድበኛል። ሁሉም ነገር እኔ ማኪያቶዬን ሳልጨርስ ያልቃል።

ቢሮ ውስጥ ደግሞ ያ ዴስክቶፕ የጋራ ጎተራ ሆኗል። አንዳችን አንድ ጊዜ ያወረድነው የዶከር ኢሜጅም ሆነ የኮድ ፓኬጅ እዚያ ይቀመጣል፤ ሌላው ከውጭ ሳይሆን ከሱ ይወስዳል። ያ የጋራ አድራሻ ነገር እዚህም አለ። ኢሜጆቹ የሚወርዱበት ዶከር ሃብ በ2020 እ.ኤ.አ. ሳይመዘገብ ለሚያወርድ ሰው በ6 ሰዓት 100 የሚል ገደብ አስቀመጠ፤ የሚቆጥረው ደግሞ በአድራሻ ነበር። በሞባይል ዳታ ሆናችሁ ጠዋት ገና አንድም ሳታወርዱ «ገደብህን ጨርሰሃል» ካላችሁ የጨረሰው በአድራሻችሁ የሚጠቀም የማታውቁት ሰው ነው። ቢያንስ ተመዝግባችሁ ግቡ።

ሰርቨር ላይ ስትገቡ ደግሞ መጀመሪያ ቲመክስ የሚባለውን ፕሮግራም ክፈቱ፣ ከዚያ ሥሩ። መስመሩ ቢቆረጥ ሥራው እዚያ ይቀጥላል፣ ስትመለሱ ካቆማችሁበት ታገኙታላችሁ። እኔ ይህን የተማርኩት የዳታቤዝ ለውጥ መሃል ላይ ኔትወርክ ሄዶብኝ ነው። ዝርዝሩን ማስታወስ አልፈልግም።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ መልእክቶቹ ልመለስ።

የቲኬቱ ሻጭ ከበዓል በፊት የትልቅ ኮንሰርት ቲኬት ለቀቀ። በመጀመሪያው ሰዓት ሥራው ጥሩ ነበር። ከዚያ አንድ ጊዜ ከፍለው ሁለት ቲኬት የደረሳቸው ሰዎች መታየት ጀመሩ። (እነሱ አልደወሉም፤ ማን ይደውላል? ያወቅነው ወንበር ሲያልቅ ነው።) ምክንያቱ የኔ ቅደም ተከተል ነበር። መልእክቱ ሲደርስ ቲኬት እቆርጣለሁ፣ ለገዢው በስልኩ አጭር መልእክት እልካለሁ፣ ከዚያ ለክፍያ ድርጅቱ «ደርሶኛል» እላለሁ። አጭር መልእክቱ በዚያ ግርግር ሲዘገይ «ደርሶኛል» ማለቱም ዘገየ። ላኪው ደግሞ መልስ ካላገኘ እንደገና ይልካል፤ ትክክል ነው፣ ሥራው ነው። እኔ ሁለተኛውን እንደ አዲስ ክፍያ ቆጠርኩት።

አሁን ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። መልእክቱ ሲመጣ ጽፌ አስቀምጣለሁ፣ ወዲያው «ደርሶኛል» እላለሁ፣ ቀሪው ሁሉ ወረፋ ይይዛል። ቲኬቱ፣ አጭር መልእክቱ፣ ኢሜይሉ በተራቸው ይሄዳሉ። የአንድ ክፍያ መለያ ቁጥር ደግሞ ዳታቤዙ ውስጥ ሁለት ጊዜ እንዳይገባ የዳታቤዙ ፕሮግራም፣ ራሱ ፖስትግሬስ፣ እንዲከለክል አደረግኩ። ኮዳችሁ ውስጥ «ይህ ቁጥር አለ ወይ?» ብሎ ጠይቆ ማስገባት አይበቃም። ሁለት መልእክት በአንድ ቅጽበት ቢመጣ ሁለቱም ይጠይቃሉ፣ ሁለቱም «የለም» ይባላሉ፣ ሁለቱም ይገባሉ። ክልከላው በር ላይ መሆን አለበት።

ሌላው፣ በዌብሁክ ብቻ አትተማመኑ። ያ የግንቦቱ እሁድ የተላኩት መልእክቶች ከፊሎቹ ተመልሰው አልመጡም፤ ላኪው ሞክሮ ሞክሮ ተወው። አሁን በየሰዓቱ አንድ ትንሽ ሥራ ተነስቶ የክፍያ ድርጅቱን «ዛሬ የተከፈሉት የትኞቹ ናቸው?» ብሎ ይጠይቅና ከኛ ጋር ያመሳክራል። አብዛኛውን ጊዜ ምንም አያገኝም። ሲያገኝ ግን የአንድ ሰው ገንዘብ ነው።

አጭር መልእክት ካነሳሁ አይቀር፣ በአማርኛ ስትጽፉ አንዱ መልእክት የሚይዘው 70 ፊደል ብቻ ነው፤ በላቲን ቢሆን 160 ይይዝ ነበር። ካለፈ ለሁለት ይከፈላል፣ ሂሳቡም ለሁለት። «ውድ ደንበኛችን ስለመረጡን ከልብ እናመሰግናለን» የምትለዋ ጨዋነት ስንት እንዳስወጣችኝ ያየሁት የወሩ ሂሳብ ሲመጣ ነው። አሁን «ተከፍሏል» ብዬ ቁጥሩን አስከትላለሁ።

ቀጥሎ ያለው በጣም ያበሳጨኝ፣ በጣምም ያስተማረኝ ነው። የክፍያ ድርጅቱ መልእክቱን ከምስጢር ቁልፍ ጋር አስልቶ ፊርማ ያወጣና አብሮ ይልካል። እኔም በዚያው ቁልፍ አስልቼ ፊርማዎቹ ከተመሳሰሉ እቀበላለሁ፣ ካልሆነ «ሌባ ነው» ብዬ እመልሳለሁ። መጀመሪያ ስጽፈው ሁሉም መልእክት ሌባ ሆነ። ሳየው የኔ ኮድ መልእክቱን ያነብና እንደገና ይጽፈዋል፤ ሲጽፈው ከየነጠላ ሰረዙ በኋላ ክፍት ቦታ ይጨምራል። ክፍት ቦታውን አጠፋሁት። ሠራ! ደስ ብሎኝ ቤቴ ሄድኩ።

ከሳምንት በኋላ አንድ ዴቨሎፐር «ከአሥሩ ሁለቱ ይወድቁብኛል» አለኝ። ኔትወርክ መሰለኝ። ሌላም ሰው እንዲሁ አለ። የወደቁትን ሰብስቤ ለሰዓታት አፈጠጥኩባቸው። መጠኑ የተለያየ፣ ሰዓቱ የተለያየ፣ ስልኩ የተለያየ። በመጨረሻ ዓይኔ ላይ የነበረው ታየኝ፤ የወደቁት ሁሉ ስማቸውን በአማርኛ የጻፉ ሰዎች ናቸው። በላቲን የጻፈ ያልፋል፣ በፊደል የጻፈ ሌባ ይባላል።

ምክንያቱን ስታውቁት ቀላል ነው። ኮዴን የጻፍኩበት ቋንቋ፣ ፓይተን፣ ያነበበውን መልሶ ሲጽፍ፣ ካልነገሩት በቀር፣ የላቲን ያልሆነን ፊደል በኮድ ይተካዋል። «አ» የምትለዋ ፊደል በዩቲኤፍ 8፣ ማለትም ኮምፒውተር ፊደልን በቁጥር በሚያስቀምጥበት በተለመደው መንገድ፣ ሦስት ባይት ነች። በሱ አጻጻፍ ግን ስድስት የላቲን ምልክትና ቁጥር ትሆናለች። ትርጉሙ አንድ ነው፣ ባይቱ ግን ሌላ ነው፤ ፊርማ ደግሞ ትርጉም አያውቅም፣ ባይት ነው የሚያውቀው። መፍትሔው የመጣውን ሳትነኩት፣ ሳታነቡት፣ ጥሬውን ማስላት ነው። ካለፈ በኋላ ክፈቱት። ክፍት ቦታውን ያጠፋሁ ዕለት ማድረግ የነበረብኝ ይሄንኑ ነበር። በሽታውን ትቼ ሳሉን ነው ያከምኩት። ከዚያ ወዲህ ቴስቶቼ ውስጥ ያለው ከፋይ ስሙ «አበበ በሶ በላ» ነው። ምንም ነገር በላቲን ስም ብቻ አልፈትሽም።

ሰዓት ደግሞ አለ። የቀጠሮ ሥራውን ከጀመርን በኋላ አንዲት የልብስ መደብር ያላት ነጋዴ ለዴቨሎፐሯ «የቀኑ ሂሳብ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ይዘጋልኝ» ትለዋለች። ልጁ ክሮን (በተቀጠረለት ሰዓት ሥራ የሚያስነሳው ፕሮግራም) ላይ 8 ብሎ ጻፈ። ሰርቨሩ የሚሄደው በዩቲሲ፣ ከኛ በሦስት ሰዓት ወደኋላ በሆነው የዓለም መነሻ ሰዓት፣ ነው። የሰርቨሩ 8 ሰዓት እዚህ ጠዋት 5 ሰዓት ነው። መደብሯ ጢም ብሎ ሳለ በየቀኑ 5 ሰዓት ላይ ሂሳቡ ይዘጋል። ሴትዮዋ ለሦስት ቀን «ሲስተሙ ቡና ሰዓት አለው እንዴ?» ትል ነበር አሉ።

ትክክለኛው ስሌት እንዲህ ነው። የኛ ሌሊት 8 በፈረንጅ ሰዓት ሁለት ነው፤ ከዚያ ላይ ሦስት ሲቀነስ ዩቲሲ 23 ሰዓት ይሆናል፣ ያውም ባለፈው ቀን። እዚህ ነው ሁለተኛው ወጥመድ። ሰርቨሩ ሰኞ ነው ይላል፣ የቢሮው ኮምፒውተር ማክሰኞ ገብቷል ይላል፣ ሴትዮዋ ደግሞ «ለማክሰኞ አጥቢያ» ትላለች። የማን ቀን ነው ሪፖርቱ ላይ የሚጻፈው? እኔ የሴትዮዋን መርጫለሁ፤ ሂሳቡ የሰኞ ገበያ ነውና ሰኞ ይባላል። ዳታቤዝ ውስጥ ሁሌም ዩቲሲ ይቀመጣል። ሰው የሚያየው ቅጽ ላይ ግን ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታ፣ ሌሊት ብሎ በሐበሻ ሰዓት ይመርጣል፤ ከሥሩ የፈረንጁ ሰዓት በትንሹ ይታያል። ሰርቨራችሁን በአውሮፓ ሰዓት እንዳትተዉት ደግሞ፤ እነሱ በዓመት ሁለቴ፣ መጋቢትና ጥቅምት ላይ ሰዓታቸውን ያዛውራሉ። እኛ አናዛውርም።

የቀን መቁጠሪያው ነገር የመጣው በራሴ ሂሳብ ላይ ነው። ተጠቃሚዎቼን የማስከፍለው በየ30 ቀኑ ነበር። ወራችን 30 ቀን ነው፣ ምን ችግር አለው ብዬ። ጳጉሜን ረሳኋት። ጳጉሜ በመጣች ቁጥር የክፍያ ቀኑ በአምስት ቀን ወደ ወሩ መጨረሻ ይገፋል፤ ደመወዝ ያልወጣበት ቀን ላይ። አንዱ ተጠቃሚ ሲጽፍልኝ «ጳጉሜን የሚያስከፍል አከራይ እንኳ አይቼ አላውቅም» አለኝ። ልክ ነው።

ስለዚህ በየወሩ በ1 ቀን፣ በዓመት 12 ጊዜ፣ ጳጉሜ ነጻ አልኩ። ክሮን የኛን ወር አያውቅም። በየቀኑ ይነሳና «ዛሬ በኛ ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቃል፣ 1 ካልሆነ ተመልሶ ይተኛል። እዚህም ተሳስቼ ነበር፤ መስከረም 1ን ከሴፕቴምበር 11 ጋር በቀጥታ አሰርኩት። በ2015 ግን ጳጉሜ 6 ቀን ነበረችና አዲስ ዓመት በ12 ዋለ። ሂሳቡና «እንኳን አደረሳችሁ» የሚለው መልእክት አንድ ቀን ቀድመው ሄዱ። «ኧረ አንድ ቀን አለን!» የሚል መልስ ከስንቱ ደረሰኝ።

ጳጉሜ እንደገና 6 ቀን የምትሆነው በ2019 መጨረሻ ላይ ነው። ቴስቱን ጽፌዋለሁ፣ ያልፋል። እዚያው ፋይል ውስጥ፣ ከሱ ቀጥሎ፣ የእትዬ ካርድ የሚያበቃበትን ወርም አስገብቻለሁ፤ ሁለት ወር ሲቀረው ለኔም ለሷም መልእክት ይልካል። እሷ ወሩን የላከችልኝ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ሁለቴ ጠይቄ አረጋግጫለሁ።